በልግ ሳይገባ ጣሪያውን እንክደን፦ ለቤተ መጻሕፍታችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የምትኖሩ ተወላጆች፣ በጅዳ፣ በሪያድ፣ በቤሩት፣ በዋሽንግተንና በቶሮንቶ ያላችሁ እህት ወንድሞቻችንና ልጆቻችን፤

ነሐሴ ላይ የደረሰውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ፎቶውም ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ደርሷችኋል። ከመሸ የጀመረ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ አድሮ፣ ሊነጋጋ ሲል የንባብ አዳራሹ ጣሪያ ከመካከሉ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገባ። ሰው አልነበረበትም፤ ተመስገን፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ ወዲህ አዳራሹ በሸራ ተሸፍኖ ነው ያለው። የክረምቱን ማብቂያ በገመድና በድንጋይ ይዘነው አለፈ፤ የበልግን ዝናብና ንፋስ ግን አይችልም፤ አሁኑኑ ጠርዙ መቀደድ ጀምሯል። አዲሱን ጣሪያ ከበልግ በፊት ለመክደን 2.6 ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል። በእጃችን ያለው 940 ሺህ ብር ነው።

ገንዘቡ የሚገባበት ሒሳብ አንድ ብቻ ነው፤ በከተማችን የንግድ ባንክ ቅርንጫፍ በእድሳት ኮሚቴው ስም የተከፈተው። ቁጥሩ ማኅተም ባለበት ደብዳቤ ለየዕድሩ፣ ለሰበካ ጉባኤውና ለመስጊዱ ኮሚቴ ተሰጥቷል፤ በውጭ ላላችሁ ደግሞ በየማኅበራችሁ ገንዘብ ያዥ እጅ አለ። እዚህ ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው። ያለፈው ጥሪያችን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አንድ ያልታወቀ ሰው የሒሳቡን ቁጥር በሌላ ቁጥር ቀይሮ አሰራጭቶት ነበር። ደግመን እንላለን፦ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብም ሆነ በግለሰብ ቴሌብር አትላኩ፤ የኮሚቴ አባል ነኝ ቢላችሁ እንኳ።

ወደ ወቀሳው እንምጣ። በዕድርም በለቅሶም «ያን ሁሉ ብር የት አደረሳችሁት?» እየተባልን ነው። በ2014ና በ2015 ዓ.ም. የሰበሰብነው ገንዘብ የሄደው ወደ ወለሉ፣ ወደ መደርደሪያው፣ ወደ መስኮቱና ወደ መጸዳጃ ቤቱ ነው። «ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል ይቀድማል ወይ?» ለሚሉን መልሱ አጭር ነው፤ ይቀድማል። ሕንፃው የቀድሞው ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ እንደነበር ታላላቆቻችን ታስታውሳላችሁ። ለስብሰባና ለድራማ የተሠራ የእንጨት ወለል ነበረው። ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያነብበት ወለል በካሬ ሜትር 300 ኪሎ ገደማ እንዲችል ተደርጎ ይነደፋል፤ የመጻሕፍት መደርደሪያ የሚቆምበት ግን ከ700 ኪሎ በላይ መሸከም አለበት። ይህን ስንናገር ብዙ ሰው አያምነንም፤ አንድ መጽሐፍ በእጅ ሲያዝ ቀላል ነውና። በእኛ አዳራሽ መደርደሪያዎቹ በቆሙበት በኩል ወለሉ ረግቦ፣ ከሥሩ ያለውን እንጨት ምስጥ ጨርሶት ነበር። ልጆች የሚመላለሱበት ቦታ ስለሆነ ለነገ የሚባል አልነበረም። እንጨቱን ነቅለን፣ ድንጋይ ሞልተን፣ ፌሮ አስረን ኮንክሪት አፈሰስን፤ ከላይ ሊሾ አደረግንበት።

ጣሪያው በወደቀበት ሌሊት ያ ሁሉ እንጨት፣ ቆርቆሮና በረዶ ያረፈው በዚህ ወለል ላይ ነው። አልተሰነጠቀም። ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰሩት መደርደሪያዎችም አንዳቸው አልተጋደሙም። የታችኛውን ረድፍ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ስናስደርግ «ቦታ አባከናችሁ» ተብለን ነበር፤ አዳራሹ ውሃ በሞላ ጊዜ ያ ረድፍ ደረቅ ነበር። ስለ መጸዳጃ ቤቱ የተወራውንም ሰምተናል። ውሃ ያለው የሴቶች መጸዳጃ እስኪሠራ ድረስ ሴት ተማሪዎች ከሰዓት በኋላ አይቆዩም ነበር፤ ከተሠራ ወዲህ አመሻሽ ላይ ወንበር የሚያጡት እነሱ ሆኑ። ይህን ወጪ ዛሬም ቢሆን ደግመን እናወጣዋለን።

ጣሪያው ለሁለተኛው ዙር የተያዘ ሥራ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የታቀደው ገንዘብ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብረቱም ቆርቆሮውም አብሮ ወጣ። ፕሮፎርማ የሰጠን ነጋዴ በድሮው ዋጋ አልሸጥም አለ፤ እኛም አልፈረድንበትም። የያዝነው ብር ግማሽ ጣሪያ የማይሠራ ሲሆን ግማሽ ጣሪያ ከፍቶ ክረምት ከመጠበቅ ገንዘቡን አስቀምጦ መጨመር ይሻላል ብለን ወሰንን። ያ ውሳኔ በጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀ ነው፤ ቃለ ጉባኤው አለ። ገንዘቡም አለ፤ 940 ሺህ ያልነው እሱን ጨምሮ ነው። ሦስት ፈራሚ ካልተገኘ ከሒሳቡ አንድ ብር አይወጣም።

የወደቀውን ጣሪያ ያየው መሐንዲስ የነገረን እንዲህ ነው። ካፕሪያታው፣ ማለትም ቆርቆሮውን የሚሸከመው የጣሪያ አጽም፣ ባህር ዛፍ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጫፉ ዓመት እስከ ዓመት እርጥበት ሲጠጣ ኖሮ በስብሷል። በዚያ ሌሊት በረዶው አሸንዳውን ደፈነው፤ ውሃው መውጫ አጥቶ ተኛ። አሥር ሴንቲ ሜትር የተከመረ በረዶ በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ በዚያ ላይ ውሃው ሲታከልበት የበሰበሰ እንጨት አይችለውም።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ባህር ዛፉን ቀይራችሁ ያንኑ ቆርቆሮ ምቱበት፤ በግማሽ ዋጋ ያልቃል» ይሉናል። ያልቃል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ይወድቃል። አዲሱን ንድፍ ያወጣልን የከተማችን ልጅ የሆነ አርክቴክት ነው፤ ሳንቲም አልተቀበለም። በንድፉ ካፕሪያታው የብረት ቱቦላሬ ነው፤ ቆርቆሮው ባለ 28 ጌጅ፤ አሸንዳው ሰፊ፣ ሰው ወጥቶ ሊጠርገው የሚችል። ከዚህ ሌላ ሁለት ነገር ተጨምሯል፤ እነዚህንም «ቅንጦት» ያላችኋቸው አላችሁ።

አንደኛው በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል የሚተወው ክፍተት ነው። በሐምሌ እዚያ አዳራሽ ያነበበ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዝናቡ ሲመጣ ከጎንህ ያለውን ሰው አትሰማም፣ ያነበብከውን መስመር መልሰህ ትጀምራለህ። ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ቆርቆሮው ይግልና ሙቀቱ በቀጥታ ራስ ላይ ይወርዳል። የሙቀቱን ችግር እንደኛ ያለ ድሃ መንደር ፈትቶታል። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ በምትባል መንደር የተወለደው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ፣ በፈረንጆቹ 2001 ላለቀው የመንደሩ ትምህርት ቤት ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ አርቆ ከፍ አድርጎ ሰቀለው፤ በመካከሉ ነፋስ ያልፋል፣ ሙቀቱም ወደ ክፍሉ ሳይወርድ ይሄዳል። በዚያው ግቢ ለነደፈው ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የመንደሩ ሴቶች የሠሩትን የሸክላ ማሰሮ አስቆርጦ ጣሪያው ውስጥ ተከለው፤ ብርሃንና አየር በማሰሮው በኩል ይገባል። ድንጋዩንና አሸዋውን የተሸከመው መንደርተኛው ነው። በፈረንጆቹ 2022 ኬሬ ፕሪትዝከር የተባለውን ታላቅ የአርክቴክቸር ሽልማት ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ተቀበለ። እኛ ማሰሮ አንተክልም፤ ክፍተቱን ግን እንወስዳለን። ከኮርኒሱ በላይ ድምፅ የሚውጥ ንጣፍም ይኖረዋል።

ሁለተኛው በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ የሚከፈተው የመስታወት ረድፍ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የምትመታው መጽሐፍ ይገረጣል፤ ወረቀቱም ይደርቅና ይሰበራል። የግብጹ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት በፈረንጆቹ 2002 ሲከፈት ያ ዘመም ያለ ክብ ጣሪያው ወደ ባሕሩ፣ ወደ ሰሜን የዞረው ለዕይታ ብቻ አልነበረም፤ ብርሃኑ እንዲገባ፣ ፀሐይዋ ግን መጽሐፉን እንዳታገኘው ነው። በእኛ አገር ፀሐይ በስተሰሜን የምታልፈው ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ድረስ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ክረምቱ ደመና ነው። ስለዚህ መስታወቱ ዓመቱን ሙሉ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል፣ መብራት በሄደ ቁጥርም ልጆቹ ደብተር አጥፈው አይወጡም። መብራት ስንት ጊዜ እንደሚሄድ እናንተው ታውቁታላችሁ።

«ሁሉ ነገር ስልክ ላይ አለ፤ ቤተ መጻሕፍት ለምን?» የሚለውን ከዚህ በፊት መልሰናል፤ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ብቻ እንጨምር። ኖኪያን ለዓለም ያስተዋወቀችው ፊንላንድ በታኅሣሥ 2018፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ በዋና ከተማዋ እምብርት ኦዲ የተባለውን ቤተ መጻሕፍት ስትከፍት መጻሕፍቱን ላይኛው ፎቅ ላይ አድርጋ፣ ሌላውን ፎቅ የልብስ ስፌት መኪና፣ ስቱዲዮና የሥራ ክፍል ሞላችው። ስልክ ያላቸው ሰዎች ቦታ ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው። እዚህ ደግሞ ስልክ ያለው ልጅ ሁሉ ፀጥ ያለ ክፍል የለውም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። አዲስ አበባ ያለ ተማሪ አራት ኪሎ አብርሆት ይገባል፤ ስድስት ኪሎ የገባ በኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ያነባል። የእኛዎቹ ዛሬ በሸራ ሥር ነው ያሉት፤ ያውም ካፖርት ለብሰው።

መጻሕፍቱን ስለማዳኑ ሳናነሳ አናልፍም። የረጠበ መጽሐፍ በሁለት በሦስት ቀን ሻጋታ ያበቅላል፤ ስለዚህ በዚያው ቀን ነበር መሮጥ የነበረብን። የሰበካ ጉባኤው አዳራሹን፣ የመስጊዱ ኮሚቴ መድረሳውን ከፈቱልን። ተማሪዎችና እናቶች በየገጹ መካከል ነጭ ወረቀት እያስገቡ፣ መጻሕፍቱን ከፍተው እያቆሙ አደረቋቸው። የድሮው ሻካራ ወረቀት ተረፈ። በሚያብረቀርቅ ወረቀት የታተሙት አትላሶችና የሕክምና መጻሕፍት ግን ገጾቻቸው ተጣብቀው አልላቀቅ አሉ፤ እነዚያን አጥተናል። የዳኑት አሁንም በእነዚሁ ሁለት አዳራሾች በካርቶን ናቸው። የሰንበት ትምህርት ቤቱም የመድረሳው ልጆችም ቦታ ጠቧቸው ዝም ብለውናል፤ ዝምታቸውን ግን መበዝበዝ የለብንም።

ስለ ግዴታ እኛ ለእናንተ አንሰብክም፤ አባቶችና ሸሆች በየቦታቸው ነግረዋችኋል። ከሰው ሞት በኋላ አጅራቸው ከማይቋረጥ ሦስት ሥራዎች ሁለቱ ሰደቀቱል ጃሪያ፣ ማለትም ዘላቂ ምጽዋት፣ እና የሚጠቅም ዕውቀት መሆናቸውን ሙስሊም ወንድሞቻችን ከእኛ በላይ ያውቃሉ። አሥራት የሚያወጣ ክርስቲያንም ከቤተ ክርስቲያኑ ድርሻ ቀንሶ ይስጠን አንልም፤ ከዚያ የተረፈውን እንጂ። በመጀመሪያው ዙር ትልቁ መዋጮ የመጣው ከነጋዴ አልነበረም። ጅዳና ቤሩት በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን በማኅበራቸው አዋጥተው የላኩት ነው። ከተማው ውስጥ ፎቅ ያላችሁ ይህን እያወቃችሁ እንድትወስኑ እንፈልጋለን፤ ሌላ አንጨምርም።

የጣሪያው ስፋት ከነክፈፉ 330 ካሬ ሜትር ነው። ብረቱ፣ ቆርቆሮው፣ ኮርኒሱ፣ መስታወቱ፣ አሸንዳውና የእጅ ዋጋው ሲደመር አንድ ካሬ ሜትር ወደ 8 ሺህ ብር ይደርሳል። አንድ ካሬ ሜትር፣ ግማሽ ካሬ ሜትር፣ ወይም አንድ ዕድር ተባብሮ አሥር ካሬ ሜትር መያዝ ይችላል። የቀረን 210 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ጥሬ ገንዘብ የሌለው የመኪና ጭነት፣ የብየዳ ጄኔሬተር፣ ወይም የቅዳሜ ጉልበቱን ይስጠን፤ አናጺና በያጅ የሆናችሁ ስማችሁን ለዕድራችሁ ጸሐፊ አስመዝግቡ። መጽሐፍ ለመላክ የምታስቡ ግን እባካችሁ ጣሪያው እስኪከደን ቆዩ፤ የምናስቀምጥበት የለንም።

አዲሱ ፕሮፎርማ የሚጸናው እስከ ጥር 15 ነው። ከዚያ ካለፈ ዋጋው እንደገና ይጠየቃል፤ ምን እንደሚሆን ደግሞ ባለፈው ጊዜ አይተናል። ስለዚህ ከጥር 15 በፊት፣ በኮሚቴው ስም በተከፈተው የንግድ ባንክ ሒሳብ ብቻ አስገቡ። በምክንያት መጻፊያው ላይ «ጣሪያ» ብላችሁ ከሥሩ ስማችሁን ወይም የዕድራችሁን ስም ጻፉ፤ ባለፈው ጊዜ ማን እንደላከው ሳይታወቅ ደረሰኝ ያልቆረጥንለት ገንዘብ አለ። በውጭ ያላችሁ በባንክ በኩል ላኩ፤ በሰው እጅ የሚመጣ አንቀበልም። ቁጥሩ ከማኅተሙ ደብዳቤ ጋር አንድ መሆኑን ሳታመሳክሩ አትላኩ። ገቢና ወጪው በየሳምንቱ ዓርብ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ይለጠፋል። ደረሰኝ ያልደረሰው ሰው ቅዳሜ ጠዋት የባንክ ማስገቢያውን ይዞ ይምጣ፤ ሒሳብ ያዡ እዚያው በሸራው ሥር ነው የሚቀመጠው።

የቤተ መጻሕፍቱ እድሳት ኮሚቴ
ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.