ማሬ፣ አትደብቂ

ጎንደር፣ ነሐሴ 6

ማሬ፣

ትናንት ማታ «ደህና ነኝ እማ፣ እየበላሁ ነው» አልሽኝ። ዛሬ ጠዋት ጓደኛሽ ደውላ፣ የሐሞት ከረጢትሽን በቀዶ ጥገና አስወጥተሽ ከሆስፒታል ከወጣሽ ወዲህ ውሃ እንኳ ሆድሽ ውስጥ አይረጋም፣ ያስመለስሽበትን ፌስታል ከአልጋሽ ሥር ደብቀሽው አገኘሁት አለችኝ። እንዳትቆጫት፤ እኔ ነኝ አስጨንቄ ያናገርኋት። ለእኔ ደብቂ፣ ግድ የለም። ለሐኪሙ ግን አትደብቂ።

የአክስትሽ ልጅ ማደንዘዣ ክፍል ስለምትሠራ ወዲያው እሷን ጠየቅሁ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ማቅለሽለሽ ሴት ላይ ይበረታል አለችኝ። ሲጋራ የማያጨስ ሰው ላይም ይበረታል (ጨዋነትሽ ጎዳሽ እንግዲህ!)። ጠንካራ ማስታገሻ ሲጨመርበት ይብሳል፤ መኪና የሚያዞረው ሰው ከሆነማ አይጣል ነው። «እሷን መኪና ያዞራት የለም እንዴ?» ስትለኝ አፌ ተያዘ።

ሊማሊሞ ነዋ። በ1995 ለአያትሽ ተዝካር ስንሄድ ሰባት ዓመትሽ ነበር። ከደባርቅ ቁልቁል አውቶብሱ መጠማዘዝ ሲጀምር ሎሚ አሸተትሁሽ፣ አልበጀም፤ አጠገባችን የተቀመጡት እመት ነጠላ ላይ ለቀቅሽው። ሰው ሁሉ ሲያየን አፈርሁና ጭንሽን ቆነጠጥሁሽ። «ዋጪው!» አልሁሽ። ከዚያ ወዲያ ዛሪማን አልፈን አዲአርቃይ እስክንገባ አፍሽን በሁለት እጅሽ አፍነሽ፣ እንባሽ እየወረደ፣ ድምፅ ሳታሰሚ ሄድሽ። እመት «ተይ፣ ሕፃን ናት» ቢሉኝም እኔ ግን ጨዋ ልጅ አለችኝ ብዬ ኮራሁ። እመት ነጠላቸውን አጥበው ረስተውታል፤ እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ። መደበቁን ያስተማርሁሽ እኔ ነኝ ማሬ።

አሁን ስሚኝ። ብርጭቆ ሙሉ ውሃ አትገልብጪ፤ በማንኪያ በማንኪያ፣ ደጋግመሽ ፉት በይ። ዝንጅብል በስሱ አፍልተሽ ጠጪ። ከእጅ አንጓሽ በታች፣ በውስጥ በኩል፣ ከመዳፍሽ ሦስት ጣት ርቀሽ በሁለቱ ጅማት መካከል ተጫኚው፤ ያስታግሳል ብላኛለች። የሕመም ማስታገሻሽ፣ ትራማዶሉ፣ ራሱ ያቅለሸልሻልና በባዶ ሆድ አትዋጪው። በራስሽም አታቋርጪው፤ ደውለሽ «ያስመልሰኛል» ብለሽ ንገሪያቸው፣ ይቀይሩልሻል፣ ወይ ኦንዳንሴትሮን የሚባለውን የማስመለስ ማስቆሚያ ይጨምሩልሻል። እሱ ደግሞ ሆድ ያደርቃል፣ እወቂው። ፍልሰታን ልጹም ብለሽ እንደሆነ ተይው፤ የነፍስ አባታችንን ጠይቄልሻለሁ። ግን ሐሞትሽ ገና መውጣቱ ነውና ቅቤና ጮማ ለጊዜው ይቅር። የአጃ ሾርባ ይበቃሻል።

ትከሻሽን የሚወጋሽ ብርድ አይደለም። ለመሥራት እንዲመቻቸው ሆድሽን የነፉበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሳንባ ሥር ያለውን ጡንቻ ቆጥቁጦት ነው ሕመሙ ወደ ትከሻ የሚወጣው፤ በሁለት ሦስት ቀን ይለቅሻል። ተነሽና ኮሪደሩ ላይ ተመላለሺ፤ መተኛት ደም እግር ላይ ያረጋል። ጀሪካን ግን ሐኪሙ ሳይፈቅድልሽ እንዳታነሺ! የእኔ ጠባሳ ስንዝር ሙሉ ስለነበር ሰው እያየ ያዝንልኝ ነበር። የአንቺ አራት ትንንሽ ቀዳዳ ነውና ማንም «አረፍ በይ» አይልሽም፣ አንቺም አትይም፣ አውቅሻለሁ።

ትኩሳት ከመጣ፣ ሆድሽ ተነፍቶ ሕመሙ ከባሰ፣ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ አንድ እግርሽ ካበጠ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ምንም ካልረጋልሽ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ በሌሊትም ቢሆን ሂጂ። ስንቴ እንዳስመለሰሽ ቆጥረሽ ንገሪያቸው። አትደብቂ።

ሐሙስ በአውሮፕላን እመጣለሁ። የአጃውን ዱቄት አስፈጭቻለሁ። የቤቱን ቁልፍ ለጓደኛሽ ስጫት። ፌስታሉንም ከአልጋው ሥር አውጥተሽ ከጎንሽ አድርጊው።

እናትሽ