ዕቅድሽን አነበብኩት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል።

የላክሽልኝን የገቢ ማሰባሰቢያ ዕቅድ ሁለቴ አነበብኩት። ወንድምሽ አሳትሞልኝ በሰማያዊ እስክሪብቶ ስጭርበት ሰነበትኩ። ለኮተቤ ልጆች የማንበቢያ ክፍል ልትከፍቺ መሆኑ አኩርቶኛል፤ ይህን በስልክም ነግሬሻለሁ። አሁን የሚጽፍልሽ ግን 19 ዓመት የዕድር ገንዘብ ያዥ የነበረው ሰውዬ ነው። እንዳትቀየሚው።

የዓመት ወጪሽ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ነው። 900 ሺውን አንድ የውጭ ድርጅት ይሸፍናል ብለሻል። ሰጥቷል ወይስ ይሰጣል? ወረቀቱ ላይ ያለው "ቃል ተገብቶልናል" የሚል ነው። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም ስንት ጓደኞችሽ ሥራ ፈትተው ቤት እንደዋሉ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ሰነፎች አልነበሩም። ብራቸው የሚመጣው በአንድ በር ነበር፣ በሩ ተዘጋ። ማመልከቻውን ላኪ፤ ግን ብሩ ባንክ እስኪገባ ድረስ ዕቅዱ ላይ ዜሮ ብለሽ ያዢው።

የሆቴሉን እራት ተይው። 200 ሺህ ይገኛል ብለሽ ጽፈሻል፤ የአዳራሹና የምግቡ ወጪ የታለ? እንዲህ ያለ እራት ላይ ከሁሉ በፊት የሚረዳው ባለ ሆቴሉ ነው።

ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በ14 ገጽ ውስጥ የአንድ ሰው ስም የለም። "የግሉ ዘርፍ" ይላል። "ዳያስፖራው" ይላል። እኔ ዳያስፖራው የሚባል ሰው በር አንኳኩቼ አላውቅም። ሜሪላንድ ያለችውን አክስትሽን ግን አውቃታለሁ። (ጎፈንድሚ የሚባለውን የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ ልትከፍትልሽ እንዳሰበች ሰምቻለሁ። ወደ ኢትዮጵያ ባንክ በቀጥታ ስለማይልክ በሷ ስም ነው የሚሆነው፤ ስለ ብሩ የምትጠየቀውም እሷ ናት። መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።)

ስለዚህ ደብተር አውጪና አስምሪ። የሰውየው ስም፣ ስንት እንደሚችል፣ መቼ እንደሚጠየቅ፣ ማን እንደሚጠይቀው። ዋናዋ የመጨረሻዋ ዓምድ ናት። በቧንቧ ውኃ ሰፈር ዕድራችን ለእኔ "እስቲ አያለሁ" እያለ ዓመት ያንከራተተኝ ነጋዴ፣ ሼኹ ሲሄዱበት በዚያው ቀን ከፈለ። ቄሱን የምንልክበትም ሌላ ሰው ነበረን። መቶ ሰው በወር 200 ብር ቢሰጥሽ በዓመት 240 ሺህ ነው። መቶ ሰው ደግሞ አለሽ፤ የክፍል ጓደኞችሽ ብቻ ስንት ናቸው?

"መቼ" ያልኩሽንም አትናቂያት። ጥር የሰርግ ወር ነው፣ የሰው ኪስ ባዶ ነው። ነሐሴ ላይ ወላጅ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው የሚያስበው። በረመዳንና በበዓላት ሰሞን ግን እጅ ይፈታል። በልደቱና በሙት ዓመቱ የሚሰጥም ብዙ ነው። መቄዶንያን እዪ፤ ሰው ልደቱን ከአረጋውያኑ ጋር ምሳ እየበላ ያከብራል፣ ሌላው 8161 ላይ መልእክት ይልካል። ትንሽ ብር ናት፣ ግን ላኪው ብዙ ነው። አንቺም "የአንድ ልጅ መጻሕፍት ለአንድ ዓመት ይህን ያህል ነው" ብለሽ ቁርጡን ንገሪ። ሰው የሚገዛውን ሲያውቅ አይሰስትም።

ወይዘሮ አበበች ጎበና በዚያ በድርቁ ዘመን ከኛው ከግሸን ሲመለሱ ሁለት ሕፃናት ይዘው ነው አዲስ አበባ የገቡት። ለጋሽ መጥቶ እስኪያግዛቸው አልጠበቁም፤ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ አሳደጉ። የአሁኑ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011ም ገቢ ማስገኛ ሥራ ይፈቅዳል። ከክፍሉ ጎን አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ብታቆሚስ? ሒሳቡን ግን ለብቻ ያዢ። ይኸው አዋጅ የአስተዳደር ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍ ይላል፤ ያንቺ 380 ሺህ ነው። መጠኑን በጣም አልፏል። ለልጆቹ የሚውለውን ከቢሮው ወጪ ለይተሽ እንደገና ጻፊው።

አሁን ደስ የማይለኝን ልንገርሽ። አንቺ ልጅ ሳለሽ የዕድሩን አዲስ ድንኳን የገዛሁት እኔ ነበርኩ። ደረሰኙን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ሦስት ስብሰባ ሳላነበው አለፈ። ያምኑኛል ብዬ ነው። ወሬው ቀድሞኝ ሰፈሩን ዞረ። ግማሹ አባል መዋጮውን አቆመ። ሒሳቡ ሲመረመር አንድ ሳንቲም አልጎደለም፤ ቢሆንም ሰዎቹን ለመመለስ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። አልሰረቅኩም እኮ፤ ዝም አልኩ እንጂ። እናትሽ ያኔ ገበያ ስትወጣ አንገቷን ደፍታ ነበር የምትሄደው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ወጪ ዕድር ቤቱ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ፤ የሚስማር መግዣውን ሳይቀር።

ዕቅድሽ ውስጥ ለሰጪዎቹ መቼ ምን እንደምትነግሪ የሚል ገጽ አጣሁ። ጨምሪበት። በየሦስት ወሩ አንድ ገጽ በቂ ነው፤ ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህ ተበላሸብን። የተበላሸውን አትደብቂ።

አብሽሪ፣ ብዙ ስለጫርኩበት ሥራሽን የናቅሁት እንዳይመስልሽ። ደብተሩ ላይ አንደኛው ተራ የኔ ይሁን፦ በወር 200 ብር፣ ጡረታ በምቀበልበት ቀን፣ ጠያቂ እናትሽ። የመጀመሪያውን በቴሌብር ልኬያለሁ። ደረሰኝ እጠብቃለሁ።

አባትሽ
ደሴ