ስለ ቤዛዊቱ ሚሪንዳ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መስከረም

እህት ዓለም፣ እንዴት ነሽልኝ?

እንኳን አደረሰሽ። እንቁጣጣሽ ካለፈ ሰነበተ፤ ግን መስከረም እስካላለቀ ድረስ ይሠራል ያልሽኝ አንቺ ነሽ።

ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። አውቃለሁ። ቆጠራውን ለኔ ተዪው። በቴሌግራም እንዳልጽፍልሽ ግማሹን ሳልጨርስ ትደውያለሽ። ብደውል ደግሞ ድምፅሽን ስሰማ የምናገረው ይጠፋኛል። ስለዚህ ደብዳቤ። እስከ መጨረሻው አንብቢና ከዚያ ስደቢኝ።

የእናትሽን ማረፍ የሰማሁት ከተቀበሩ በሁለተኛው ቀን ነው። ያኔውኑ መደወል ነበረብኝ። ሌሊት ተረኛ ነበርኩ፣ ነገ አልኩ። ሳምንት ሲያልፍ አፈርኩ። ወር ሲያልፍ ፈራሁሽ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ወደ እሳቸው እመለሳለሁ፤ ያለ እሳቸው ይሄ ደብዳቤ አይሞላም።

አሁን የመጣሁት ለጉዳይ ነው። «ጉዳይ ሲኖራት ብቻ ትጽፋለች» በይ፣ እውነትሽን ነው። ልጄን ዋሸኋት። አንቺ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ ልጆች ያስተማርሽ ሰው ነሽ። ከታች እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ግን ቁጭ በይ። ትሪያትሎን ተወዳደርኩ።

አትሳቂ። አዎ፣ እኔው። ዋና፣ ከዋናው ወጥቶ ብስክሌት፣ ከብስክሌቱ ወርዶ ሩጫ። 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 21 ኪሎ ሜትር ሩጫ። ይሄን «ግማሽ ርቀት» ይሉታል። ግማሽ ብሎ ስም ያወጣለት ሰው ባገኘው የምጠይቀው ነገር ነበረኝ። በማይል ሲደመር ሌላ ቦታ 70.3 ነው የሚመጣው። የኔው 70.0 ነው። ነጥብ ሦስቷን ለርኅራኄ የቀነሷት መስሎኝ ነበር። ውድድሩ ሳቬጅማን ይባላል። ሳቬጅ የተራራው ስም ነው፤ አረመኔ ማለትም ነው። ሁለቱንም ሆኖ አገኘሁት።

እንዴት እዚህ ውስጥ ገባሽ ትይኛለሽ። ሥራ ቦታ አንዲት ጓደኛ አለችኝ፣ እሷ ናት። መጀመሪያ ስላይጎ ክሪክ ዳር አብረን መሮጥ ጀመርን፣ ከዚያ ሳይክል፣ ከዚያ የማላውቀው ወረቀት ላይ ስሜ ተገኘ። ዋና የተማርኩት በ38 ዓመቴ ነው። ጣና ዳር ተወልጄ! አሠልጣኜ የሃያ ዓመት ልጅ ናት። «ሐይቅ ዳር አድገሽ እንዴት አልዋኘሽም?» አለችኝ። ጉማሬ ብዬ ብነግራት የቀለድኩ መሰላት።

ቦታው ዲፕ ክሪክ ሐይቅ ነው፣ የሜሪላንድ ምዕራብ ጫፍ። ከኛ ሦስት ሰዓት በመኪና። ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው፣ በ1920ዎቹ ለመብራት ኃይል ብለው የገደቡት። ጠዋት ስንደርስ ውሃው ላይ ጉም ተኝቷል። ብርዱ የደብረ ብርሃን ነው። ያንን ጥብቅ ያለ የጎማ ልብስ ለብሼ፣ እንደ ቋንጣ ደርቄ ቆምኩ። ሲነፋ ገባን። ገና ሃምሳ ሜትር ሳልሄድ አንዱ በተረከዙ መነጽሬን መታኝ። ውሃ ገባበት። ትንፋሼ ጠፋ። ጀርባዬ ላይ ተንጋልዬ ሰማይ እያየሁ «ጉማሬ የለም፣ ጉማሬ የለም» አልኩ ለራሴ። ሠራ። ዋናው ይሄው ነው፣ ሌላ የምነግርሽ የለኝም፤ ወጣሁ።

የብስክሌቱ ነው ጉዱ።

ከሐይቁ ስትነሺ መንገዱ ባብዛኛው ቁልቁለት ነው። ዛፉ ቢጫና ቀይ መሆን ጀምሯል። እርጥብ ልብስ ለብሼ በዚያ ቁልቁለት ስወርድ ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ግን ደስ ይላል። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንዲህ ወርደሽ ዌስተርንፖርት የምትባል ትንሽ አሮጌ ከተማ ትገቢያለሽ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለች። እዚያ ወደ ሮክ ስትሪት ትታጠፊያለሽ። ከዚያ ቀና ስትዪ መንገዱ ፊትሽ ቆሟል። «ዎል» ነው የሚሉት፣ ግድግዳ። አራት ብሎክ ነው፤ እያንዳንዱ ካለፈው ይብሳል። የመጨረሻው 31 በመቶ ይደርሳል። አንቺ ሒሳብ ታውቂያለሽ፤ ለማያውቅ ግን እንዲህ ብዬ እነግረዋለሁ፦ በእግርሽ ብትወጪው እንኳ ተረከዝሽ መሬት አይነካም።

ግራና ቀኝ ሰው ሞልቷል። ይጮኻል፣ ድስት የሚደበድብ አለ። የሰይጣን ልብስ የለበሰም አይቻለሁ፤ ቀንድ ሁሉ አለው። የሚወድቁትን የሚቀልቡ ሰዎችም ቆመዋል። አዎ፣ ሥራቸው መቅለብ ነው። ጫማው ፔዳሉ ላይ ይቆለፋላ፤ ቶሎ ካላላቀቅሽው ከነሳይክልሽ እንደ ግንድ ነው የምትወድቂው።

አሁን ይሄን ልብ በይ። ያንን ዳገት ሳይወድቅ፣ እግሩን መሬት ሳያሳርፍ የወጣ ሰው ስሙ ጡብ ላይ ተቀርጾ እዚያው ዳገቱ ላይ ይነጠፍለታል። ቀና ስል ከጎማዬ ሥር የሰው ስም ነው የማየው። ስም፣ ስም፣ ስም። ስድስት ወር ሙሉ ቤት ውስጥ የማወራው ስለዚህ ጡብ ነበር። የኔ ሰውዬ «ለምን ከሆም ዲፖ አንድ ጡብ ገዝቼ አልጽፍልሽም?» ይለኝ ነበር። ልጄ ግን በሙሉ ልቧ አመነች። ክፍሏ ውስጥ ተናገረች። «የእናቴ ስም መንገድ ላይ ይጻፋል» ብላ።

ሦስቱን ብሎክ ወጣሁ። በትንሿ ማርሽ፣ ዚግዛግ እየሄድኩ። አራተኛው ላይ መሪውን ሳብ ሳደርገው የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳል። ደረቴን መሪው ላይ ለጥፌ ገፋሁ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ተንገዳገደና ቆመ። ወደ ግራ ሸሸሁት። ግራ እግሬ ከፔዳሉ ሲላቀቅ «ቀጭ» አለ። ያችን ድምፅ አሁንም እሰማታለሁ። ጫማዬ ጡቡ ላይ አረፈ። የማን ስም ላይ እንዳረፈ እንኳ አንብቤያለሁ፤ አልነግርሽም።

በሰውዬው አላሳብብም። እሱ ባይቆምም የምቀር ይመስለኛል። ምናልባት። እንጃ።

ከዚያ ሳይክሌን እየገፋሁ ወጣሁ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ። አጨበጨቡልኝ፤ ባያጨበጭቡ በወደድኩ። ዞር የምልበት መታጠፊያ እንኳ የለውም።

መታጠፊያ ስልሽ አንድ ነገር ትዝ ካለሽ ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ግድግዳውን ስትጨርሺ ያለቀ መስሎሻል። የሳቬጅ ተራራ ዳገት ገና ያኔ ነው የሚጀምረው፣ አሥር ኪሎ ሜትር የሚያልፍ። እዚያ ላይ ነው ያለቀስኩት። ሰው ሁሉ የሚመጠው ጣፋጭ ነገር አለ፣ እንደ ማር የሚዝለገለግ። እኔን አንገፈገፈኝ። የኋላ ኪሴ ውስጥ ግን የበሶ ጭብጦ ነበረኝ፣ በላስቲክ የጠቀለልኩት፣ ጨውና ትንሽ ስኳር ያለው። በላቤ ረጥቦ ቅርጹ ጠፍቷል። በአንድ እጄ እየቆረስኩ በላሁ። በጎኔ ያለፈ ሽማግሌ «ምንድን ነው እሱ?» አለኝ። ገብስ አልኩት። «እንደ ፈረስ?» አለኝ። አዎ አልኩት፣ ምን ልበለው።

ሩጫው ላይ አንዷ በጎ ፈቃደኛ ከየት ነሽ አለችኝ። ኢትዮጵያ ስላት «እንግዲህ አሁን የናንተ ነው!» ብላ ጮኸች። የእሳት ማማ ወዳለበት ጉብታ የሚወስድ የጫካ ዳገት አለ፣ ሁለቴ ነው የሚወጣው። ሁለቱንም በእግሬ ተራመድኩት። ለአገሬ ስም ስል ሰው ሲያየኝ ብቻ እሮጥ ነበር። ከተነሳን ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሲል ገባሁ። ሜዳሊያው አለ፤ የጥፍሬ ሁለቱ የሉም።

ቤት ስደርስ ማታ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ልጄ አልተኛችም። ደረጃውን በጎን እየወረደች መጣች፣ ፒጃማዋን ለብሳ።

«ወጣሽው?» አለችኝ።

«ወጣሁት» አልኳት።

አየሽ አማርኛ እንዴት እንደሚያድን? ወጣሁት። በእግር ይሁን በሳይክል አልተጠየቅኩም። ግን እሷ የሰማችውን አውቃለሁ፤ ጮኸች፣ ወገቤን አቀፈችኝ። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መምህሯ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ እንዳለቻት ነገረችኝ። ሲነጠፍ ሄደን እንድናየው፣ ከጡቡ ጋር ፎቶ እንድናነሳት ትፈልጋለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ምንም ነገር አትረሳም፤ በኔ አልወጣችም።

የኔ ሰውዬ «በሚቀጥለው ዓመት ተመዝገቢና ውጪው፣ ውሸቱ እውነት ይሆናል» ይላል። እውነት ለመናገር ሁለት ሌሊት አስቤበታለሁ። ግን ባልወጣውስ? አንድ ውሸት ለመሸፈን 90 ኪሎ ሜትር ብስክሌት? ደግሞ...

ይኸው። ልበለው።

ቤዛዊትን፣ ያቺን የባሕር ዳሯን ኮረብታ፣ በሳይክል አልወጣኋትም።

ሰማሽኝ? ስምንተኛ ክፍል፣ ያቺ በሰዓት የምንከራያት ፊኒክስ፣ ፍሬኗ የማይሠራው። አባይን ተሻግረን ዳገቱ ሥር ካቴናሽ ወለቀ፤ አንቺ ለመመለስ ስትታገዪ እኔ ቀደምኩ። መታጠፊያውን እንዳለፍኩ ወረድኩ። ገፋኋት። ጫፍ ላይ ሃያ እርምጃ ሲቀር ተመልሼ ኮርቻው ላይ ወጣሁና ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጠበቅኩሽ። አንቺ በእግርሽ እየገፋሽ መጣሽ፣ እጅሽ በግራሶ ጠቁሮ። «ሳትወርጂ?» አልሽኝ። «ሳልወርድ» አልኩሽ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሁሉ የቤዛዊት ጀግና አለኝ። አንቺ ነሽ ያስወራሽው። ሠርጌ ላይ ሳይቀር ማይክ ይዘሽ ተናገርሽው!

የውርርዱን ሚሪንዳ የገዙልኝ ደግሞ እናትሽ ናቸው፤ አንቺ ሳንቲም አልነበረሽም። አንቺ ጓሮ ግራሶውን በኦሞ እየታጠብሽ ነበር። ጠርሙሱን ሰጡኝና ጎንበስ ብለው እግሬን አዩ። ነጩ ሸራ ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አቧራ ሆኗል።

«የወጣው ሳይክሉ ነው ወይስ ጫማሽ?» አሉኝ።

ምንም አልመለስኩም። ሳቁና «ጠጪ፣ ጠጪ፣ ይሞቃል» አሉኝ።

እስከ ዛሬ ነግረውሽ ያውቃሉ? ይሄን ማወቅ እፈልጋለሁ። ጫካው ውስጥ፣ ሁለተኛው ዳገት ላይ፣ እየተራመድኩ ያሰብኩት ይሄንኑ ነው። ካልነገሩሽ ሃያ ምናምን ዓመት ይዘውልኛል ማለት ነው። በየክረምቱ ቤታችሁ ስመጣ ቡና እያፈሉ «ጀግናችን መጣች» ይሉኝ ነበር፤ ድምፃቸው ላይ የነበረው ነገር አሁን ነው የገባኝ። እኔ ደግሞ ለልቅሷቸው አልደወልኩም።

እንግዲህ ንገሪኝ። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዴት ነው የሚነገረው? ቁጭ አድርጌ ነው ወይስ መኪና ውስጥ፣ ፊት ለፊት ሳንተያይ? መጀመሪያ የቤዛዊቱን ልንገራት ወይስ የጡቡን? መምህሯስ? ለመምህሯ እሷ ትንገራት ወይስ እኔ ልጻፍላት? አንቺ ብትሆኚ አንድ ጥያቄ ትጠይቂያትና ራሷ ትደርስበታለች። እኔ ግን ጥያቄው አይመጣልኝም። እናትሽ ቢኖሩ ጫማዬን ብቻ ነበር የሚያዩት።

እሁድ እደውላለሁ። ባንቺ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እኔ ጋ ገና ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። ስልክሽ ያው ከሆነ አንሺው። መጀመሪያ ለእናትሽ አለቅሳለሁ፣ ዝም ብለሽ ስሚኝ። ከዚያ ስለ ሚሪንዳው የፈለግሽውን በይኝ። ጠርሙሱ አሁን ስንት ብር እንደገባ ጠይቀሽ ጠብቂኝ፤ ወለዱን አንቺ አስቢው።

ያንቺው፣
ጀግና ነኝ ባይዋ