ብር ያመጣ ልጅ ቦቅቧቃ ነው እንዴ?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ መናኸሪያ አካባቢ ቡና አፈላለሁ። ጋዜጣችሁን የማነበው ደንበኞች ጥለውልኝ ሲሄዱ ነው፤ ስለዚህ ወሬው ትንሽ ይቆይብኛል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሯጩ ዮሚፍ ቀጄልቻ ነው። ቤቴ ውስጥ ስለዚህ ልጅ የሚባለው ነገር አንገፍግፎኛል።

የሚባለውን እናንተም ሳትሰሙት አትቀሩም። «ችሎታ አለው፣ ወኔ የለውም።» አቦል ላይ በዚህ ይጀመራል። ቶና ላይ የነቀነኒሳ ዘመን ይነሳል። በረካ ላይ ልጁ ቦቅቧቃ ሆኖ ያርፋል። የሚብሱት ደግሞ የባጃጅ ሹፌሮቹ ናቸው። ከሆጤ ፒያሳ በእግራቸው ሂዱ ቢባሉ የሚያኮርፉ ሰዎች!

ነገሩ የባሰው መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እሁድ ነው። አዲሱ ዓመት ገና መግባቱ ነው። ሌሊቱን ትዕግስት አሰፋ ቶኪዮ ላይ በዓለም ሻምፒዮናው ማራቶን በ2 ሰከንድ ተቀድማ የብር ሜዳሊያ ወስዳለች። ሰዉ ቀድሞውንም ከፍቶታል። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ የወንዶቹ 10 ሺህ ሜትር ሲጀመር ቤቴ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። መብራትም አልሄደም፣ ተመስገን። ሩጫው ግን ሩጫ አይመስልም። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ፊት ልውጣ የሚል የለም፣ ሁሉም ይተያያል። አሸናፊው በ28:55.77 ገባ። ይህ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ጆሹዋ ቼፕቴጌ ወርቅ ከወሰደበት 26:43.14 ከ2 ደቂቃ በላይ የዘገየ ነው። እንዲህ ሲሆን ነገሩ ሁሉ የመጨረሻው ዙር ላይ ይወድቃል። ፈረንሳዊው ጂሚ ግሬሲየር ቀደመ። ዮሚፍ 28:55.83። ልዩነቱ 0.06 ሰከንድ ነው። ቤቱ በአንድ አፍ «አላልኳችሁም!» አለ።

እኔ ደግሞ የእ.ኤ.አ. 2000 ሲድኒ ኦሎምፒክ ትዝ አለኝ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በስንት ነበር? በ0.09 ሰከንድ። 27:18.20 እና 27:18.29። ያን ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ትዳር ይዟል፣ እኛ ግን ያቺን የመጨረሻ መቶ ሜትር እያነሳን እስከ አሁን እንኮራለን። ይገባናልም። ቴርጋት ደረቱን ቀድሞ ቢያስገባስ ኖሮ? ኃይሌን ወኔ የለውም ልንለው ነበር?

ስለሺ ስህንን ደግሞ ተመልከቱ። አቴንስ ብር፣ ሄልሲንኪ ብር፣ ኦሳካ ብር፣ ቤይጂንግ ብር። ሁሉም በ10 ሺህ፣ ሁሉም ከቀነኒሳ በቀለ ኋላ። ስለሺን ፈሪ ያለ ሰው እኔ ቤት ቡና ጠጥቶ አያውቅም። ወርቁ እዚሁ ቤታችን ስለቀረ ነዋ! ዮሚፍ እ.ኤ.አ. 2019 ዶሃ ላይ ሁለተኛ ሲወጣ ፊቱ የነበረው ዑጋንዳዊ ነው። ቶኪዮ ላይ ፈረንሳዊ ነው። ጥፋቱ ይሄ ነው እንግዲህ።

ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ቁም ነገር ያለው ክርክር የሚያመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። «ችሎታውን ማን ይክዳል?» ይላሉ። የቤት ውስጥ የአንድ ማይል ክብረወሰን በ2019 በ3:47.01 ሰብሯል። ያው ሰው በ2024 ቫሌንሺያ ላይ ግማሽ ማራቶን በ57:30 ሮጦ ሌላ የዓለም ክብረወሰን አስመዘገበ። አንድ ኪሎ ሜትር በ2 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። ሐረጎ ዳገት ላይ ከከባድ መኪና ኋላ የተያዘ ሚኒባስ ይህን ልጅ የሚደርስበት አይመስለኝም። «ግን» ይላሉ ጋሼ፣ «ክብረወሰን በአሯሯጭ ነው የሚሰበረው። ፊት ሆኖ ንፋሱን የሚቀበልልሽ ሰው አለ። ሻምፒዮና ላይ አሯሯጭ የለም። ሰው የሚለየው ያን ጊዜ ነው።»

ይህ ባዶ ወሬ አይደለም፣ አከብረዋለሁ። ግን የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮናስ? እ.ኤ.አ. 2016 ፖርትላንድ ላይ በ3 ሺህ ሜትር ወርቅ ሲወስድ ገና 18 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በርሚንግሃም ላይ ደገመው። ያኔም ሩጫው ዝግ ያለ ነበር፣ 8:14.41 ነው የገባው፤ በአጨራረስ ሰለሞን ባረጋንና ኬንያዊውን ቤትዌል ቢርገንን አስከትሎ። አሯሯጭ አልነበረም። ጋሼ ይህን ስላቸው ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ፓሪስስ?» አሉኝ።

ፓሪስ ላይ 6ኛ ነው የወጣው፣ እውነት ነው። ግን ሩጫውን ማን አፈጠነው? ዮሚፍ፣ በሪሁ አረጋዊና ሰለሞን ባረጋ እየተፈራረቁ ፊት ይዘው ነው። ሌላው ከኋላቸው ተጠልሎ ሮጠ። ዮሚፍ በ26:44.02 ገባ። ከወርቁ 0.88 ሰከንድ ነው የራቀው። ቀነኒሳ በ2008 ቤይጂንግ ላይ ካስመዘገበው የኦሎምፒክ ክብረወሰን እንኳ በ17 ሰከንድ ይፈጥናል። «ጫማው ነዋ!» አለ አንድ የሚኒባስ ረዳት። የጫማውን ነገር አልክድም፣ የዛሬ ጫማ ሌላ ነው። ፊት ሆኖ ንፋስ መጋፈጥን ግን ጫማ አይሰጥም።

እኔ የምወቅሰው በሌላ ነው። ዮሚፍ ዘንካታ ነው፣ እርምጃው ሰፊ ነው። ግማሽ ማራቶን በ57:30 የሮጠ ሰው፣ ቶኪዮ ላይ አጨራረስ ካላቸው ጋር እስከ መጨረሻው ዙር ደወል ድረስ ለምን አብሮ ያዘግማል? ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ሲቀረው የእኛ ልጆች ለምን ፍጥነት አልጨመሩም? ምሩፅ ይፍጠርን ማርሽ ቀያሪው ያልነው መቼ መቀየር እንዳለበት ስላወቀ ነው። ሙቀቱ ነው ትሉኝ ይሆናል። ይሁን። እንከራከር ካልን ግን በዚህ እንከራከር። ይህ ሊታረም የሚችል ነገር ነው። የሰው ልብ ውስጥ ገብተን ወኔውን በኪሎ መመዘን ምን የሚሉት ነው?

እንዲህ የሚያናግረኝ አለኝ። ልጄ ትሮጣለች፣ 15 ዓመቷ ነው። ጠዋት ከጦሳ ተራራ ግርጌ ሮጣ መጥታ ሲኒ ታጥብልኝና ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እሁድ እሁድ ሰዎቹ ሲጮሁ እዚያው መሀላቸው ሲኒ ታነሳለች። በቀደም ምን አለችኝ? «እማ፣ ከዓለም ሁለተኛ የወጣው ፈሪ ከሆነ፣ ከትምህርት ቤት አራተኛ የወጣሁት እኔ ምንድን ነኝ?» መልስ አጣሁ። አንቺ ፈንዲሻውን አቅርቢ አልኳት።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከትልቅ ውድድር በኋላ ማን ወርቅ እንዳጣ ብቻ አትጻፉልን። የየዙሩን ሰዓት አትሙልን። ፊት ማን ነበር? ፍጥነት የጨመረው ማን ነው፣ ስንት ዙር ሲቀረው? የመጨረሻው 400 ሜትር በስንት ተሮጠ? ቤቴ የሚመጡት ሰዎች ሞኞች አይደሉም፣ ቁጥር ከሰጣችኋቸው በቁጥር ይጨቃጨቃሉ። ጋሼማ ደብተር ሊይዙ ይችላሉ።

የሚቀጥለው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. 2027 ቤይጂንግ ላይ ነው። ዮሚፍ ያኔ 30 ዓመት ይሞላዋል። ከሮጠ ቴሌቪዥኔ ክፍት ነው። ቦቅቧቃ የሚል ሰው ግን ለአንድ ሲኒ የሁለት ይከፍላል፤ ለባጃጅ ሹፌሮቹ ከአሁኑ ነግሬያቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ቡና የምታፈላ አንባቢያችሁ፣ ከደሴ