ለሰናይት፣ ስለ ነጠላው እና ስለ ውሸቴ

ጎንደር፣ ነሐሴ 10

ሰናይትዬ፣

ሰላምታውን አሳጥሬ ልለፈው፤ ካላሳጠርኩት ይህንንም እንደ ቀደሙት ሦስቱ እቀድደዋለሁ። ካልጻፍኩልሽ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ስትደውዪ አላነሳሁም። በእናቴ ስልክ ስትደውዪም "ገበያ ወጥታለች" አስብዬሻለሁ፤ አጠገቧ ተቀምጬ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በዪኝ፣ ምክንያቱን ከታች ትደርሺበታለሽ። ሁላችንም ደህና ነን። እናቴ ዐይኗ ቢደክምም ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ትልቁ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሌላው ወሬ ይቆይ።

አሁን የምነግርሽን ስሚኝ። ዛሬ ጠዋት እየዘነበ እስከ ፋሲለደስ መዋኛ ሄጄ ተመለስኩ። በእግሬ። በነሐሴ። እኔ፣ ታንጉት።

አትሳቂ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሆዴን ቁርጠት ያዘኝ እያልሽ ከዛፍ ሥር የምትቀመጪው አንቺ ነበርሽ እንጂ እኔ አልነበርኩም። ክረምት ከገባበት ከሰኔ 26 እስከ ዛሬ 45 ቀን ነው፤ በደብተር መዝግቤዋለሁ፤ 41 ቀን ወጥቻለሁ። ከቀሩት አራት ቀናት አንዱ በረዶ የጣለበት ነው፣ አንዱ የጎረቤት ለቅሶ። ሁለቱ ግን ምንም አልነበረባቸውም፤ ብርድ ልብሱ ሞቆኝ ነው። በደብተሩም ላይ "ስንፍና" ብዬ ጽፌያቸዋለሁ። መዋሸት ሰልችቶኛል።

ወደዚያ እመጣለሁ። መጀመሪያ ይህን ልጨርስ።

ሐኪሙ ያኔ ግፊቴን ለክቶ 150 በ95 ብሎ ከጻፈ በኋላ፣ እዚያው ወረቀት ላይ ዝቅ ብሎ "በሳምንት 150 ደቂቃ" ብሎ እንደጻፈልኝ ነግሬሻለሁ መሰለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ይህን ያህል መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል አለኝ። እኔ ሁለቱን 150 አምታትቼ ለእናቴ "ግፊቴ በሳምንት ነው የሚለካው" ብያት ነበር። መሄዴንስ ጀመርኩ። ችግሩ መጀመሩ ላይ አልነበረም፤ አራት መስከረም ጀምሬ ሦስት ሐምሌ አቁሜያለሁ። ከፒያሳ መዋኛው ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መውረዱ ቀላል ነው፣ መመለሻው ዳገት ነው፤ ደርሶ መልስ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጅብኛል። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን ብወጣ ሐኪሙ ይበቃሻል ይለኛል። እኔም ሦስቱን ዓመት ያጠፋሁት በዚሁ ሒሳብ ነው። ሦስት ቀን ከሆነ በየማለዳው ክርክር አለ፤ ዛሬ ነው ወይስ ነገ? ነገ ይሻላል፣ ነገ ፀሐይ ሊወጣ ይችላል። በየቀኑ ከሆነ ግን የምከራከርበት ነገር አይኖርም፤ እንደ ፊት መታጠብ ነው። ሰነፍ ሰው በየቀኑ ቢወጣ ይቀለዋል ስልሽ እብድ ትዪኝ ይሆናል፤ በዪኝ።

ሰበብ ደግሞ ሐምሌ ላይ ብቻ አይደለም ያለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ ጣት ይቆርጣል። በመጋቢትና በሚያዝያ ትንሽ ካረፈድሽ ፀሐይዋ አናትሽን ትበሳለች፤ አቧራው አለ፤ ሁዳዴው አለ፤ በባዶ ሆድ ዳገት መውጣት አለ። ሰበብ የሌለው ወር ፈልጌ ጳጉሜን ብቻ አገኘሁ፤ እሷም የአምስት ቀን እንግዳ ናት።

አሁን የነጠላውን ነገር ልንገርሽ፤ ይህን ለማንም አልነገርኩም። በመጀመሪያው ዓመት በቱታ ብቻ ነበር የምወጣው። የልጆች እናት፣ መምህርት፣ በማለዳ እየተጣደፈች ስታልፍ ሰፈራችን ዝም ብሎ የሚያሳልፍ ይመስልሻል? "ማን ታመመ?" "ምን ሆነሽ ነው?" አንዷማ ሰው የሞተ መስሏት ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ተከትላኝ ሮጠች። ስለዚህ ብልሃት ፈጠርኩ፤ ከቱታው ላይ ነጠላ አጣፋሁ። በጠዋት ነጠላ ያጣፋች ሴት ኪዳን ለማድረስ ነው የምትሄደው፤ ማንም አይጠይቃትም፤ ማንም ወደ እግሯ አይመለከትም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ዓመታት እንደዚያ ሄድኩ። ሰፈሩ ሁሉ "ታንጉት እንዴት ጸሎተኛ ሆነች" አለ። እኔም ቀስ በቀስ ማመን ጀምሬ ነበር።

በዚህ ዓመት መጋቢት ላይ እትዬ ደብሬ በራቸው ላይ ጠብቀው ያዙኝ። "አንቺስ ታድለሽ፤ እኔን ጉልበቴ አስቀረኝ። ስትሳለሚ ስሜን አንሺልኝ" ብለው ለጧፍ የሚሆን ሃያ ብር እጄ ላይ አስቀመጡ። ብሩን ጨብጬ እስከ መዋኛው ወረድኩ። ሃያ ብር እንደዚያ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ስመለስ መንገዴን ለውጬ ቤተ ክርስቲያን ገባሁና ጧፉን አበራሁ፤ ለሥራም ዘገየሁ።

ከዚያ ሐምሌ መጣ። የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት መዋኛው ጋ ስደርስ ሰማዩ ተቀደደ። ነጠላ ሲርስ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቂያለሽ፤ አንገቴ ላይ ተጣበቀ፣ ጉልበቴን አሰረኝ፤ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ልወድቅ ነበር። አወለቅሁትና ጨምቄ እንደ ገበያ ዘንቢል አንጠለጠልኩት። እትዬ ደብሬ በራቸው ላይ ቆመው ቱታዬን ከላይ እስከ ታች አዩት። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ተናዘዝኩ፤ ሁሉንም። እሳቸው ግን ሳቁ። "ልጄ፣ እኔ እኮ ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በዚያ በኩል ነው" አሉኝ፤ በእጃቸው ወደ ተቃራኒው እያመለከቱ። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጧፉን አብርተሽዋል? አብርቻለሁ። "እንግዲያው ግቢና ልብስሽን ቀይሪ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ነጠላውን ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የማወጣው።

የዝናቡን ነገር ደግሞ ብነግርሽ ታፍሪብኛለሽ። ከ41 ጠዋት ስንቱ ቀን እንደዘነበብኝ ደብተሩን ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ። ዘጠኝ ብቻ! ሌላው ጉም ነው፣ ጭቃ ነው፣ ካፊያ ነው፤ ዝናብ ግን አይደለም። ጎንደር ላይ የክረምቱ ዝናብ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይዋ ረፋዱን መሬቱን ታሞቀዋለች፣ እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመናው ይከብዳል፣ ከምሳ በኋላ ይዘረግፈዋል። ይህን እኔ ጂኦግራፊ አስተማሪዋ ሃያ ዓመት ሙሉ በሰሌዳ ላይ ስሥለው ኖሬ፣ ቤቴ ገብቼ "ጠዋት ይዘንባል" እያልኩ እተኛ ነበር። ተማሪዎቼ ቢሰሙ ምን ይሉኛል? ሌላም አለ፤ በነጎድጓድ ጊዜ ከዛፍ ሥር አትጠለሉ እያልኩ በፈተና አወጣለሁ፤ አንድ ቀን መብረቁ ሲያብለጨልጭ ራሴን ትልቅ ዋርካ ሥር ቆሜ አገኘሁት። አሁን ከተንጎዳጎደ አልወጣም፤ መንገድ ላይ ከያዘኝም ከአንዱ ቤት ውስጥ እገባለሁ። ሰው ቡና ካላስጠጣሁሽ ይለኛል፤ ይህም የራሱ ችግር አለው፤ ፍልሰታ ነው እላለሁ።

ፍልሰታው እውነት ከብዶኛል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ ያንን ዳገት መውጣት ቀልድ አይደለም፤ አንድ ጠዋት ዐይኔ ጨለመብኝና ከድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ በጾሙ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፤ እንደ አዛውንት፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ። ያም መሄድ ነው ብዬ መዝግቤዋለሁ። ከዚህ በኋላ አንቺ ፍረጂው።

እሺ። እዚህ ጋ ብዕሬን አስቀምጬ ለእናቴ ቡና አፈላሁላት፤ ተመለስኩ።

መሄድ በጀመርኩበት ዓመት ነሐሴ ላይ ደውለሽ "በዚህ ዝናብም ትሄጃለሽ?" ያልሽኝን ታስታውሺዋለሽ። እኔ አልጋ ውስጥ ነበርኩ፤ ካቆምኩ ከወር በላይ ሆኖኝ ነበር። "አንድ ቀን አላቋረጥኩም" አልኩሽ። አንቺ ተገርመሽ ዝም አልሽ፤ ያ ዝምታሽ ደስ አለኝና ጨመርኩበት። ጉሙን ተረኩልሽ፣ የመዋኛውን አጥር ያቀፉትን ሥሮች ከውኃው ሲያብረቀርቁ ተረኩልሽ፣ አንድ ጅብ አየሁ ሁሉ ሳልልሽ አልቀረሁም። በመስኮት እያየሁ ነበር የምተርክልሽ።

ከዚያ በኅዳር ፎቶግራፍሽ መጣ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን፣ 10 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰሽ፣ ካናቴራሽ ረጥቦ፣ ሜዳልያው አንገትሽ ላይ። ከሥሩ "ይህ የአንቺ ነው፤ አንቺ በጎንደር ክረምት ከወጣሽ እኔን ምን ያግደኛል ብዬ ነው የጀመርኩት" ብለሽ ጽፈሻል። ስንት ጊዜ አነበብኩት መሰለሽ። "እንኳን ደስ አለሽ" ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። እውነቱን ጻፍኩና አጠፋሁት። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ዝም ማለቴ ራሱ ሌላ ጥፋት ሆኖ ተደረበ። ስልክሽ ሲጠራ ያ ፎቶግራፍ ነበር የሚታየኝ።

የእትዬ ደብሬን ሳቅ ከሰማሁ በኋላ ነው ልጻፍላት ያልኩት። አንቺም ሳታውቂው አልቀረሽም ይሆን? እንደ እሳቸው፣ ከመጀመሪያው? ካወቅሽ ዝም ብለሽ ለምን ተውሽኝ ብዬ ልቆጣ ነው። ካላወቅሽም... እንግዲህ አሁን አወቅሽ። ልትቆጪ መብትሽ ነው፤ ብቻ ሜዳልያውን እንዳትመልሺልኝ፤ የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም።

አንድ የፈራሁት ነገር አለ፤ ልጠይቅሽ አልጠይቅሽ እያልኩ እዚህ ደረስኩ። አሁንም ትሮጫለሽ? በእኔ ዝምታ ምክንያት አቁመሽ ከሆነ ንገሪኝ። ካላቆምሽም ንገሪኝ። በዚህ ሳምንት ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ደውዪ፤ ዳገቱ ላይ እሆናለሁ፤ ማለክለኬን ስትሰሚ ለዚህኛው ማስረጃ ይሆንሻል። ለጥምቀት ከመጣሽ ደግሞ ውኃው ከቀሃ ተጠልፎ ሲሞላ ያንን ጫማሽ የጠፋበትን ቦታ አሳይሻለሁ፤ በየቀኑ እያለፍኩበት በየቀኑ እስቃለሁ።

ጫማ ካልኩ አይቀር፤ የእኔው ብቸኛ ጥንድ ነው፤ በየማታው ጋዜጣ ጠቅጥቄበት ነው የማደርቀው፤ ጠዋት ስወጣ ግን ውስጡ አሁንም እርጥብ ነው። ኮብልስቶኑ ላይ የማያንሸራትት ሶል ያለው እዚያ በስንት እንደሚሸጥ ብትጠይቂልኝ፤ ቁጥሬን ታውቂዋለሽ። እንድትልኪልኝ አይደለም። ማለቴ፣ ብሩን እልካለሁ።

ሌላም ልጽፍ ነበር፤ ግን እናቴ "ይደርቅልሽ" ብላ ጫማውን ከከሰል ምድጃው ጥግ አስጠግታዋለች መሰለኝ፤ የላስቲክ ሽታ መጣ። ልሩጥ።

የአንቺው
ታንጉት