አሊስን ለልጆች ጮክ ብለን እያነበብን ነው፣ እንድንጨርሰው አግዙን

ሰላም ቤተሰብ! አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት "አሊስ በአስደናቂው ዓለም" የሚባለውን መጽሐፍ ለትንንሽ ልጆች በአማርኛ ጮክ ብለን እያነበብን ሪከርድ ማድረግ ጀምረናል፣ ከ12ቱ ምዕራፍ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አልቀዋል፣ አሁን ግን ኪሳችን ደረቀና ወደናንተ መጣን።

ለምን ይሄን መረጣችሁ ላላችሁ፣ መጀመሪያውኑ በአፍ የተወራ ነገር ነዋ። ሊዊስ ካሮል (ሰውየው እኮ የኦክስፎርድ የሒሳብ መምህር ነው) እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1862 ሦስት እህትማማቾችን በጀልባ ሲያንሸራሽር እዛው እየፈጠረ ያወራላቸው ነው፣ አሊስ የምትባለዋ ጻፍልኝ ብላ ስለለመነችው ወረቀት ላይ ሰፈረ፣ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1865 ነው። ለዛ ነው ሲሰማ የሚጥመው።

ሦስተኛውን ምዕራፍ ያነበባችሁላቸው ታውቁታላችሁ። እንስሳቱ አሊስ ያለቀሰችው እንባ ውስጥ ዋኝተው በስብሰዋል፣ ለመድረቅ ብለው ይሮጣሉ፣ ሁሉም ባሻው ሰዓት ይጀምራል ባሻው ሰዓት ያቆማል፣ ከዛ ማን አሸነፈ ሲባል ዶዶ የሚባለው ወፍ ሁሉም አሸንፏል፣ ሁሉም ይሸለማል ብሎ ቁጭ! የአምስት ዓመት ልጆች እዚህ ጋ ለሁለት ይከፈላሉ፣ ግማሹ "ይሄማ ውድድር አይደለም" ብሎ ይቆጣል ግማሹ ተነስቶ መሮጥ ይጀምራል። እነዚህ ልጆች ገና ፊደል እየቆጠሩ ነው፣ ራሳቸው አንብበው ከሚገባቸው በላይ ግን ሰምተው ይገባቸዋል።

በኮምፒውተር ድምፅ አስነብቡትና በነፃ ይለቅ ያላችሁንም ሰምተናል። ኧረ ባካችሁ! መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ቁጡ ንግሥት "አንገቷን ቁረጡ!" ብላ ስትጮህ እንደ ዜና ከተነበበ ምኑ ያስቃል? (ለሚሰጉ ወላጆች፦ ማንም አንገቱ አይቆረጥም፣ ምዕራፍ 9 ላይ ራሱ ይነገራል።)

ለመብት የምንከፍለው ነገር የለም። ካሮል የሞተው በ1898 ስለሆነ ዋናው ጽሑፍ ከኮፒራይት ነፃ ነው፣ መጽሐፉን መጀመሪያ የሣለለት የጆን ቴኒየል 42 ሥዕሎችም እንደዛው፣ ትርጉም ግን የተርጓሚው ንብረት ስለሆነ የማንንም ሳንነካ ከእንግሊዝኛው ራሳችን እየተረጎምን ነው፣ በነፃ። ገንዘቡ የሚሄደው ለደህና ማይክ ነው፣ እስካሁን ብርድ ልብስ ተከናንበን በስልክ ነው የቀዳነው፣ እሱም ሆኖ በር ሲዘጋ ይሰማል። ከዛ ኤዲት ለሚያደርገው ልጅ ትንሽ ነገር እንክፈለው ብለናል፣ አንዷን አጭር ምዕራፍ ለማጽዳት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። የተረፈው ፊደሉ ተለቅ ብሎ ከነሥዕሉ ፕሪንት ይደረግበታል፣ ምክንያቱም ቅጂው የወላጅን ድምፅ እንዲተካ አይደለም ሐሳባችን፣ ደክሟችሁ ለምትመጡበት ማታ ነው፣ በሌላው ቀን እናንተው አንብቡላቸው። ፋይሉ ሲያልቅ ማንም በነፃ ዳውንሎድ ያደርጋል። የወጣውን ወጪ ከነደረሰኙ እዚሁ እንለጥፋለን።

የቻላችሁትን ስጡ፣ ትንሽ ናት ብላችሁ አትፈሩ፣ ኢንቦክስ አድርጉንና አካውንቱን እንልካለን። ማይክ ኖሯችሁ የማትጠቀሙበት ካላችሁም አውሱን። ደግሞ ወንድ አንባቢ አጥሮናል፣ ምዕራፍ 5 ላይ ያለውን አባጨጓሬ ጎርነን ብሎ እንቅልፍ እንቅልፍ በሚል ድምፅ የሚያነብልን ሰው ካለ ናሙና በቮይስ ይላክልን።