ሲስተሙን የሚገዛው ሌላ፣ የሚሰራበት ሌላ

ውድ አዘጋጅ፣

“መዝገቡ ዲጂታል ሆነ” የሚል ዜና ጋዜጣችሁ ላይ ባየሁ ቁጥር ልጽፍላችሁ እልና እተወዋለሁ። ዛሬ ግን ወጣልኝ። የምሰራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ካርድ ክፍል ነው። የኮምፒውተር ጠላት አይደለሁም። ያንን ሁሉ ማህደር አቧራ እየቃምን ከመደርደሪያ መደርደሪያ ስንፈልግ የኖርን ሰዎች ነንና ሲስተም መጣ ሲባል እልል ነው ያልነው። የመጣው ሲስተም ግን እኛ እንድንሰራበት ታስቦ የተሰራ አይመስልም።

ስሙን እንይ። ስክሪኑ የሚጠይቀው ፈርስት ኔም እና ላስት ኔም ነው። እዚህ አገር ደግሞ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው የሚባለው። አንዱ ባልደረባዬ ላስት ኔም ላይ የአባት ስም ይሞላል፣ ሌላዋ የአያት። ፊደሉም አለ። ኃይለሥላሴ የሚባል ታካሚ ሲመጣ ባለፈው የመዘገበው ሰው በየትኛው “ሀ” እና በየትኛው “ሰ” እንደጻፈው፣ አያይዞት ይሁን ለያይቶት፣ እግዜር ይወቀው። አንዲት ፊደል ከተለየች ሲስተሙ “አልተገኘም” ብሎ ጭጭ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ከተመዘገበማ አይነሳ! ሰልፉ ረዝሟል፣ በመስኮቱ ሰው ይጮኻል፣ ምን እናድርግ? አዲስ ካርድ እናወጣለን። እንዲህ እያለ አንድ ሰው ሦስት ካርድ ይኖረዋል። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የተጻፈው አንደኛው ላይ ነው፤ ሐኪሙ ዛሬ የከፈተው ሦስተኛውን።

ይሄ ደግሞ ከባድ ነገር ሆኖ አይደለም። ፍለጋው ላይ ሀን፣ ሐን እና ኀን እንደ አንድ ቁጠር፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ ጋር እንዲሁ አድርግ ማለት ነው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ብትጠይቁ የጥቂት መስመር ስራ ነው ይላችኋል።

“ፋይዳ ሲመጣ ይሄ ሁሉ ያልቃል” የሚሉም አሉ። መታወቂያው ጥሩ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕግ ሆኖም ወጥቷል። ግን በድንገተኛ ተይዞ ለመጣ ሰው 12 አሃዙን ማን ያስታውስለታል? ያመጡት ጎረቤቶቹ ስሙን ካወቁም ትልቅ ነገር ነው።

ቀኑ የባሰ ነው። እናትየው “በ2012 ነው የወለድኩት” ትላለች። ሲስተሙ የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ የቸኮለ ሰራተኛ 2012 ብሎ ያልፋል፣ የ6 ዓመቱ ልጅም ስክሪኑ ላይ የ13 ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ይወጣል። ሐኪሙ ልጁን በዓይኑ ስለሚያየው ይስቃል፣ ሪፖርቱ ግን እንደተሳሳተ ወደ በላይ ይሄዳል። የእኛን ቀን ይቀበላል ተብሎ የመጣ ሌላ ሲስተም አይቼ ነበር። ወሮቹ 12 ናቸው። ጳጉሜን የተወለደ ሰው ወይ ነሐሴ ወይ መስከረም ይምረጥ!

ሴቭ የሚለውን ቁልፍ ስክሪኑ ግርጌ ስለደበቁት፣ መብራት ሲጠፋ የሞላነው ሁሉ አብሮ ስለሚጠፋው፣ በቀይ ብልጭ ስለሚለው እና ማንም ስለማይገባው የእንግሊዝኛ መልእክት ብጽፍ ቦታ አይበቃችሁም። ብቻ ከኪቦርዱ ጎን ሁላችንም ደብተር አለን። ስምና የካርድ ቁጥር እሱ ላይ ነው የምናገኘው። ጎብኚ ሲመጣ ደብተሩ መሳቢያ ይገባል።

አዲስ ነገር ሲመጣ ሁለት ቀን ሥልጠና ይሰጠናል፣ አበል ይከፈለናል፣ ካልቻልን “ሰራተኛው ለለውጥ ዝግጁ አይደለም” ተብሎ ይጻፍብናል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። በቴሌግራም ፎቶና ድምፅ ለመላክ ማንም አላሠለጠነንም፣ ሰፈሬ ያሉ እናቶች ሁሉ ይልካሉ። አንድን ሰው ለመመዝገብ ሰባት ገጽ የሚያስከፍት ነገር ሲመጣ ጥፋቱን እኛ ላይ መለጠፍ አግባብ አይደለም። የጨረታ ኮሚቴው ዋጋ ያያል፣ የሰርቨሩን አቅም ያያል፣ አቅራቢው በፕሮጀክተር የሚያሳየውን ያያል። እዚያ ስብሰባ ላይ ከካርድ ክፍል የተጠራ ሰው አላውቅም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሚገዙት ነው። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሲስተሙን አንድ ሳምንት እኛ መስኮት ላይ አስቀምጡትና ከጀርባችን ቆማችሁ እዩ። ሰኞ ጠዋት ግን እንዳትቀሩ፣ ሰልፉ የሚብሰው ያኔ ነው።

አንድ የካርድ ክፍል ሰራተኛ
ከአዲስ አበባ